መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት፤ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ሞለኪውላዊ ጠቋሚዎች



ስለ አንጀትና ስለ ሰገራ ማውራት በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ ኖሯል። ሰው ሰገራው ላይ ደም ሲያይ ለትዳር ጓደኛው እንኳ ሳይናገር ወራት ያሳልፋል፤ ሲናገርም «ኪንታሮት ነው» ብሎ ራሱን ያጽናናል። ስለዚህ ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ሊያዳምጥ መምጣቱ በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

ዛሬ ልመልሰው የምሞክረው ጥያቄ አንድ ነው። ሁለት ሕሙማን አሉ እንበል። የሁለቱም ካንሰር ከትልቁ አንጀት ተነሥቶ ጉበት ደርሷል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ውድ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። የአንደኛው ዕጢ ይኮማተራል። ሁለተኛው ግን ፊቱና ደረቱ በሽፍታ ከመሞላቱ በቀር ያተረፈው ነገር የለም፤ ዕጢው ማደጉን ቀጥሏል። ለምን? መልሱ ያለው በዓይን በማይታየው፣ በህዋሱ ውስጥ በሚተላለፈው መልእክት ላይ ነው። መልእክቱ የት ላይ እንደተበላሸ የሚነግሩንን ምልክቶች ሞለኪውላዊ ጠቋሚዎች እንላቸዋለን።

በመጀመሪያ ካንሰሩ ከጤናማ ህዋስ እንዴት እንደሚነሣ ባጭሩ እናገራለሁ። ቀጥዬ የእድገት ትእዛዝ ስለሚያልፍበት መስመር አወራለሁ፤ ብዙ የምቆየውም እዚያ ላይ ነው። ከዚያ የጂን ስህተትን ስለሚያርሙ ፕሮቲኖች፣ በመጨረሻም በአገራችን ሆስፒታሎች ምን ማድረግ እንደሚቻል አነሣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የትልቁ አንጀት የውስጥ ገጽ ለዓይን ለስላሳ ይመስላል እንጂ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉበት። በየጉድጓዱ ወለል ላይ ግንደ ህዋሳት ተቀምጠዋል። እነሱ ሲከፋፈሉ አዲሶቹ ህዋሳት በግድግዳው ላይ ወደ ላይ እየተገፉ ይወጣሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ሥራቸውን ይሠራሉ፤ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ይረግፋሉ። ጉዞው ከአራት እስከ አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል። ባለፈው ሳምንት የነበራችሁ የአንጀት ሽፋን ዛሬ አብዛኛው የለም ማለት ነው። እንዲህ ሳያቋርጥ የሚታደስ አካል መቼ መከፋፈል፣ መቼም ማቆም እንዳለበት ዘወትር ማወቅ ይኖርበታል።

«ተከፋፈል» የሚለው ትእዛዝ በግንደ ህዋሳቱ ዘንድ የሚደርሰው ዊንት በሚባል የመልእክት መስመር ነው። የዚህ መስመር ታሪክ ደስ ይለኛል፤ የተገኘው አንጀትን በማጥናት አልነበረምና። በ1982 ሮል ኑሰና ሃሮልድ ቫርመስ በአይጥ የጡት ዕጢ ውስጥ አንድ ጂን አገኙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ጂን በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ሲበላሽ ዝንቧን ክንፍ አልባ የሚያደርገው ጂን ሆኖ ተገኘ። የዝንብ ክንፍ የሚያጠና ሰው ስለ ሰው አንጀት ካንሰር እየሠራ መሆኑን በዚያን ጊዜ ማን ይገምት ነበር?

የመስመሩ አሠራር እንዲህ ነው። በህዋሱ ውስጥ ቤታ ካቴኒን የሚባል ፕሮቲን አለ። ወደ ኒውክሊየስ ከገባ የመከፋፈል ጂኖችን ያነሣሣል። የዊንት መልእክት በሌለበት ጊዜ ግን ኤፒሲ የሚባል ትልቅ ፕሮቲን ከሌሎች ጋር ተባብሮ ቤታ ካቴኒንን እየያዘ ለጥፋት ይዳርገዋል። ኤፒሲ ከተበላሸ ቤታ ካቴኒን የሚይዘው የለም፤ ይከማቻል፤ ማንም ሳያዝዝ ህዋሱ ትእዛዝ እንደደረሰው ሆኖ ይከፋፈላል። ወደ ላይ ወጥቶ መርገፍ የነበረበት ህዋስ እዚያው ይቀራል፤ ልጆቹም ተከማችተው ፖሊፕ የምንለውን ትንሽ እብጠት ይሠራሉ።

የኤፒሲ ጂን ማንነት የታወቀው በ1991 ነው። መንገዱን ያሳዩት በትውልድ የሚተላለፍ የፖሊፕ ሕመም ያለባቸው ቤተሰቦች ነበሩ። በእነዚህ ቤተሰቦች አንዳንድ ልጆች የተበላሸ ኤፒሲ ይዘው ይወለዳሉ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ አንጀታቸው በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ፖሊፖች ይሞላል። ካልታከሙ ዕድሜያቸው አርባ ገደማ ሲደርስ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ካንሰር ይይዛቸዋል። በኋላ እንደታየው በዘር ባልመጣው፣ በተለመደው የትልቁ አንጀት ካንሰርም ከአሥር ዕጢ በስምንቱ ገደማ ይኸው ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። የጥቂት ቤተሰቦች መከራ የሚሊዮኖችን በሽታ መነሻ አሳየን።

ኤፒሲ ብቻውን ግን ካንሰር አያደርግም። ኤሪክ ፊሮንና በርት ቮገልስታይን በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ካንሰሩ በደረጃ እንደሚመጣ አሳይተዋል። ከጤናማ ሽፋን ወደ ትንሽ ፖሊፕ፣ ከዚያ ወደ ትልቅ ፖሊፕ፣ ከዚያም ወደ ካንሰር ሲሸጋገር በየደረጃው አዲስ የጂን ጉዳት ይጨመራል፤ ኬራስ የሚባለው ጂን ይነቃል፣ በክሮሞዞም 18 ላይ ያለ ክፍል ይጠፋል፣ ፒ53 የሚባለው ጂን ይወድቃል። ሂደቱ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀትን ከውስጥ በካሜራ በማየት፣ ፖሊፕን ፈልጎ መቁረጥ የሰው ሕይወት የሚያድነው ይህ ረጅም ጊዜ ስላለ ነው። ከሁሉም ካንሰሮች መካከል ይህን ያህል ሰፊ የመከላከያ ዕድል የሚሰጡን ጥቂቶች ናቸው፤ ዕድሉን ሳንጠቀምበት ሲያልፍ ማየት ደግሞ ያንገበግባል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር፤ የመግቢያዬ ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነው። በህዋሱ የውጭ ሽፋን ላይ ኢጂኤፍአር የሚባል መልእክት ተቀባይ ተተክሏል። ከውጭ የእድገት መልእክት ሲደርሰው ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ከሥሩ ኬራስ ይቀበላል፤ ኬራስ ለቢራፍ ይሰጣል፤ ከቢራፍ በሌሎች ሁለት ፕሮቲኖች በኩል ወደ ኒውክሊየስ ይደርሳል። ጤናማ ኬራስ መልእክቱን ካስተላለፈ በኋላ ራሱን ያጠፋል። በተወሰኑ ቦታዎች፣ በተለይ በ12ኛውና በ13ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ለውጥ ከደረሰበት ግን ማጥፋቱን ይረሳል፤ በርቶ ይቀራል። ከመቶ የትልቁ አንጀት ካንሰር በአርባው ገደማ ኬራስ እንዲህ ሆኖ ይገኛል።

ሴቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ኢጂኤፍአርን ከውጭ በኩል የሚዘጋ ፀረ እንግዳ አካል ነው። በ2004 በአሜሪካ ሲፈቀድ ሐኪሞች ይፈልጉ የነበረው በዕጢው ላይ ኢጂኤፍአር መኖሩን ብቻ ነበር። ተቀባዩ ካለ መድኃኒቱ ይሠራል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። የመስኖ ገበሬ ይህን ከማናችንም በላይ ይረዳዋል። ማሳው ውሃ በዝቶበት ከሆነ የቦዩን በር ይዘጋል፤ ከበሩ በታች ምንጭ ፈልቆ ከሆነ ግን በሩን ሺህ ጊዜ ቢዘጋው ማሳው መጥለቅለቁ አይቀርም። በርቶ የቀረ ኬራስ ከበሩ በታች የፈለቀ ምንጭ ነው።

ይህ በቁጥር የተረጋገጠው በ2008 ነው። በካናዳና በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በተመራ ጥናት ሌላ ሕክምና የተሟጠጠባቸው ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ ሴቱክሲማብ ተሰጣቸው፣ ገሚሶቹ የማስታገሻ እንክብካቤ ብቻ። በኋላ ተቀምጦ የነበረው የዕጢ ናሙና ወጥቶ ኬራስ ተመረመረ። ኬራሳቸው ጤናማ የሆነው፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች መካከለኛ የመኖሪያ ጊዜ 9.5 ወር ሆነ፤ ያልወሰዱት 4.8 ወር። እጥፍ ነው ማለት ይቻላል። ኬራሳቸው የተለወጠው ግን መድኃኒቱን የወሰዱት 4.5፣ ያልወሰዱት 4.6 ወር ኖሩ። ምንም ልዩነት የለም።

በእነዚህ አራት ቁጥሮች ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ሕሙማኑን ሳይለይ አንድ ላይ ደምሮ የሚያይ ሰው «መድኃኒቱ መጠነኛ ጥቅም አለው» ይላል። እውነታው ግን መጠነኛ ጥቅም ያገኘ ሰው አለመኖሩ ነው፤ አንደኛው ወገን ብዙ አግኝቷል፣ ሌላኛው ምንም። ለሁለተኛው ወገን መድኃኒቱን መስጠት በቀረችው ጥቂት ጊዜ ላይ ሽፍታ፣ የማግኒዚየም መውረድ፣ የሆስፒታል መመላለስና የቤተሰብ ጥሪት መሸርሸርን መጨመር ነው። እኔ የሞለኪውላዊ ጠቋሚ ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ መስጠት የሌለብንን መንገር። ዜናው ሁልጊዜ ስለሚሠራው መድኃኒት ነው፤ በሽተኛን ከማይሠራ መድኃኒት ማዳን ግን ከዚያ ያላነሰ ሕክምና ነው። ከ2009 ጀምሮ ይህ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የኬራስ ምርመራ እንዲደረግ የሙያ ማኅበራት መክረዋል፤ በኋላም ወንድሙ ኤንራስ ተጨምሯል።

ነገር ግን ጠቋሚን ብቻውን፣ ከመስመሩ ነጥሎ ማንበብ እንደሚያሳስት ያሳየን ቢራፍ ነው። በ2002 የቢራፍ ጂን በብዙ ካንሰሮች ውስጥ ተለውጦ እንደሚገኝ ታወቀ፤ በጣም የሚዘወተረው በ600ኛው ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ በሌላ ሲተካ ነው። በሜላኖማ፣ ማለትም በቆዳ ካንሰር ዓይነት፣ ግማሽ ያህሉ ይህ ለውጥ አለበት። ለውጡን የሚያጠቃው ቬሙራፌኒብ በ2011 ሲፈቀድ ከሜላኖማ ሕሙማን በግማሽ ያህሉ ዕጢው ተኮማተረ። የትልቁ አንጀት ካንሰርም ከአሥር በአንዱ ገደማ ይኸው ለውጥ አለበት፤ እነዚህ ሕሙማን ደግሞ በሽታው የሚጠናባቸው ናቸው። ታዲያ ያንኑ መድኃኒት መስጠት አይበቃም? ተሞከረ። ከ21 ሕሙማን ዕጢው በጉልህ የተኮማተረለት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጂኑ አንድ፣ ለውጡ አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። ምክንያቱን በ2012 በአምስተርዳም የሬኔ በርናርድስ ቡድን አገኘው። ቢራፍ በመድኃኒት ሲታፈን የአንጀቱ ህዋስ መልእክቱ መቀነሱን ያስተውላል፤ በምላሹ ኢጂኤፍአርን ያነቃል፤ መልእክቱ በሌላ በኩል ዞሮ ይመጣል። የሜላኖማ ህዋስ ኢጂኤፍአር በጣም ጥቂት ስለሆነ ይህን ማድረግ አይሆንለትም። እንግዲህ መፍትሔው ሁለቱን አንድ ላይ መዝጋት ነው። በ2019 ይፋ በሆነ፣ 665 ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት የቢራፍ ማፈኛው ኢንኮራፌኒብ ከሴቱክሲማብ ጋር ሲሰጥ መካከለኛው የመኖሪያ ጊዜ 8.4 ወር ሆነ፤ በነባሩ ሕክምና 5.4 ነበር። ሦስት ወር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የነገሩ ክብደት ሰዎች የውድቀቱን ምክንያት እስከ ሥሩ ተከትለው መድኃኒቱን ከመጣል ይልቅ አጋሩን ማግኘታቸው ላይ ነው። በቅርቡም «አይነኬ» ሲባል የኖረው ኬራስ ራሱ፣ ጂ12ሲ በሚባለው አንድ የለውጥ ዓይነት፣ መድኃኒት ተገኝቶለታል። በአንጀት ካንሰር እሱም ከኢጂኤፍአር ማፈኛ ጋር ተጣምሮ ነው የሚሰጠው፤ ምክንያቱም ከቢራፉ ጋር ተመሳሳይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ስላያችሁት ሲኢኤ አንድ ቃል ልበል። በ1965 በሞንትሪያል የተገኘ፣ በደም የሚለካ ጠቋሚ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሽታው መመለሱን ለመከታተል ይጠቅማል። ጤነኛ ሰው ካንሰር እንዳለበትና እንደሌለበት ለማወቅ ግን አይሆንም፤ ሲጋራ ማጨስ ብቻውን ከፍ ያደርገዋል፣ ጅምር ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ልኩ መደበኛ ሊሆን ይችላል። «ሲኢኤዬ ደህና ነው» ብሎ ኮሎኖስኮፒን መተው ትልቅ አደጋ ነው።

ሦስተኛው ክፍል የሚጀምረው በ1895 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ለፓቶሎጂ ሐኪሙ ለአልድሬድ ዋርቲን ዘመዶቿ በአንጀት፣ በጨጓራና በማሕፀን ካንሰር ስላለቁ እሷም በዚያው እንደምትሞት ነገረችው። እንዳለችውም በወጣትነቷ በማሕፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን ነገሩን ችላ አላለም፤ የቤተሰቡን ታሪክ ሰብስቦ በ1913 አሳተመ። ብዙም ሰሚ አላገኘም። በ1960ዎቹ ሄንሪ ሊንች የሚባል ሐኪም ተመሳሳይ ቤተሰቦችን አጥንቶ ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን ሲሟገት ኖረ፤ ዛሬ ሕመሙ በስሙ ሊንች ሲንድሮም ይባላል። ምክንያቱ የታወቀው ሴትዮዋ ከተናገረች ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ህዋስ ሲከፋፈል ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ይሳሳታል። ስህተቱን ተከታትለው የሚያርሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ዋናዎቹ ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2 ናቸው። ፖል ሞድሪች አሠራራቸውን በማጥናቱ የ2015ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ስህተት ይከማቻል፤ በተለይ ተመሳሳይ ፊደላት በሚደጋገሙባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ክፍሎች ላይ። ይህ ምልክት በ1993 በትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥ ተገኘ። ከመቶ ዕጢ አሥራ አምስቱ ገደማ ይታይበታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በዘር የመጣው፣ ማለትም ሊንች ሲንድሮም፣ ሦስቱ ያህል ብቻ ነው፣ የቀረው በዕድሜ ሂደት የኤምኤልኤች1 ጂን ዝም በመሰኘቱ የሚመጣ ነው። ሁለቱን ለመለየት ቢራፍ ተመልሶ ይረዳናል፤ ኤምኤልኤች1 በጎደለበት ዕጢ ውስጥ የ600ኛው ቦታ የቢራፍ ለውጥ ከተገኘ ነገሩ በዘር የመጣ አለመሆኑ እጅግ ያመዝናል።

የጉድለቱ ሌላ ገጽ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። በስህተት የተሞላ ህዋስ ብዙ እንግዳ ፕሮቲን ይሠራል፤ የሰውነት መከላከያ ህዋሳት ደግሞ እንግዳን ያውቃሉ። በ2015 በታተመ ጥናት የአራሚ ፕሮቲን ጉድለት ባለባቸው ዕጢዎች በአማካይ 1782 ለውጥ ሲቆጠር፣ ጉድለት በሌለባቸው 73 ብቻ ነበር። ካንሰሩ ያሰራቸውን የመከላከያ ህዋሳት የሚፈታው ፔምብሮሊዙማብ ሲሰጥ ጉድለቱ ካለባቸው አሥር የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን የአራቱ ዕጢ ተኮማተረ፤ ጉድለቱ ከሌለባቸው 18 ግን የአንድም አልተኮማተረም። በ2017 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቱን ካንሰሩ ከየትኛውም አካል ይነሣ ሳይል፣ በዚህ ጠቋሚ ብቻ ፈቀደ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፈቃድ ተሰጥቶ አያውቅም። በ2022 በኒውዮርክ ከትልቁ አንጀት ጫፍ የሚነሣ ካንሰርና ይኸው ጉድለት ያለባቸው 12 ሕሙማን ተመሳሳይ መድኃኒት የሆነው ዶስታርሊማብ ለስድስት ወር ተሰጥቷቸው የሁሉም ዕጢ ጠፋ፤ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ያለ ጨረር፣ ያለ ኬሞቴራፒ። በ2025 ቁጥሩ 49 ደርሶ ውጤቱ ያው ነበር። ቀዶ ሕክምናው አንዳንድ ጊዜ ሰገራን በሆድ ላይ በተለጠፈ ከረጢት እስከ ዕድሜ ልክ መቀበልን እንደሚያስከትል ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ወደ አገራችን ልመለስ። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ የትልቁ አንጀት ካንሰር በወንዶች ዘንድ ከፊተኞቹ መካከል መሆኑን አሳይቷል። «ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር ከእንግዲህ አያስኬድም። የጠቀስኳቸው አዳዲስ መድኃኒቶች ለአብዛኛው ሕመምተኛችን ዋጋቸው የማይቀመስ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚህ ተነሥቶ «መድኃኒቱ ከሌለ ምርመራው ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አለ። በዚህ አልስማማም።

አራቱን አራሚ ፕሮቲኖች ለመፈለግ ዘመናዊ የጂን ማንበቢያ መሣሪያ አያሻም። ከዕጢው በተወሰደችው፣ በፓራፊን በተቀመጠችው ናሙና ላይ ልዩ ቀለም አድርጎ በተራ ማይክሮስኮፕ ማየት ይበቃል። የጡት ካንሰርን ተቀባዮች በዚህ ዘዴ የሚመረምር ላቦራቶሪ ማቅለሚያዎቹ ከተሟሉለት ይህንም መሥራት ይችላል። የሚጠይቀው ጥንቃቄ ናሙናው ከሰውነት እንደወጣ ሳይዘገይ ፎርማሊን ውስጥ መግባቱ፣ እዚያም ከስድስት ሰዓት ያላነሰ ከሦስት ቀን ያልበለጠ መቆየቱ ነው። ናሙናው በጠርሙስ ሳምንት ከርሞ የሚመጣ ከሆነ ምርጥ ማቅለሚያም አያድነውም። ይህ የበጀት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት በቀዶ ሕክምና ክፍሉና በፓቶሎጂ ክፍሉ መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ነገ ሊጀመር ይችላል።

የምርመራው ፍሬም ለታመመው ሰው ብቻ አይደለም። ሊንች ሲንድሮም ያለበት አባት ወይም እናት ለእያንዳንዱ ልጅ የተበላሸውን ጂን የማስተላለፉ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ልጁ ካልወረሰው እፎይ ይላል። ከወረሰው፣ በተለይ ጉድለቱ የኤምኤልኤች1 ወይም የኤምኤስኤች2 ከሆነ፣ ከ20 እስከ 25 ባለው ዕድሜ ጀምሮ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ ይደረግለታል፤ ፖሊፑ ካንሰር ሳይሆን ይቆረጣል። ለዚህ ኢንኮራፌኒብም ፔምብሮሊዙማብም አያስፈልግም። ስለዚህ ከመካከላችሁ ወላጁን፣ ወንድሙን ወይም እህቱን በሃምሳ ዓመት ወይም ከዚያ በታች በአንጀት ወይም በማሕፀን ካንሰር ያጣ ሰው ካለ፣ ለሐኪሙ ይህን የቤተሰብ ታሪክ ሳይጠየቅ ይንገር፤ የሟቹ ናሙና በሆስፒታሉ የፓቶሎጂ ክፍል ተቀምጦ እንደሆነም ይጠይቅ። በፓራፊን የተቀመጠ ናሙና ከዓመታት በኋላም ሊመረመር ይችላል።